ሃምሳ ሰባቱ ጉብታዎች

ሟቹ በግራ ጉንጩ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ፣ ቀኝ ዓይኑን እንደከፈተ ነበር የተገኘው። ይህ ዓይን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሲያሸማቅቅ የኖረ ዓይን ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ስክሪን አልጠፋም፤ ጠባሳ በጠባሳ የሆነ ግራጫ መሬት ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። ከራሱ ጀርባ የወረደው ደም አንገቱን ዞሮ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ገብቶ ረግቷል።

«ከሰማይ በወረደ ድንጋይ ተመትቶ የሞተ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤» አለ ሳጅኑ፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ድንጋይ በእስክሪብቶው እያመለከተ። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር የቀረው፣ ሬሳ ፊት ካልቀለደ ምሳው የማይወርድለት ሰው ነው። «በሩ እንዳይዘጋ የሚያስደግፉበት ነው አሉ። ዱሮ ተወርዋሪ ኮከብ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሬሳው ተጠጋች። ጣቢያው ውስጥ ከአዛዡ እስከ በር ጠባቂው «መርፌዋ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን ማንም አይደፍርም፤ እሷም ስሙን እንደምታውቀው አስነቅታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ የሟቹን አንገት አየች፤ ከዚያ ደሙን አየች፤ ከዚያ እንደገና አንገቱን። የደሙ ብዛት አልጥም አላት። ተመትቶ ወዲያው ጸጥ ያለ ሰው እንዲህ አይደማም።

የማዕከሉ ዳይሬክተር በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ሬሳውን ያገኘው እሱና ምክትል ቆጣሪው ናቸው፤ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?» አለችው ቀና ሳትል።

«ጉድጓድ መቁጠር።»

«ይቀልዱብኛል?»

«ኧረ በፍጹም! መንኮራኩራችን ሜርኩሪን እየዞረች ፎቶ ትልካለች። ፕላኔቷን ከሰማይ የወረደ ድንጋይ እየደበደበ ጉድጓድ በጉድጓድ አድርጓታል። ቆጣሪዎቻችን ፎቶው ላይ እያንዳንዱን ጉድጓድ ያከብባሉ። ጉድጓድ የበዛበት መሬት ያረጀ ነው፤ ያነሰበት ወጣት ነው። በዚህ ነው የመሬቱን ዕድሜ የምናውቀው።» ወደ ሬሳው ጨረፍ አድርጎ አይቶ ዓይኑን መለሰ። «እሱን የሚያህል ቆጣሪ አልነበረም። ንስሩ ነው የምንለው። በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣ ነበር።»

«ትወዱት ነበር?»

ዳይሬክተሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። መልሱ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የአንዲት ተለማማጅ ቆጣሪ የፈተና ወረቀት ነው፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዟል፤ ከግርጌው በዚያው ቀይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ዓይኗን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ እናቷም መኪና ሲመጣባት አላየችም።»

«የማን ወረቀት ነው?»

«የልጁ፤» አለ ዳይሬክተሩ። «የገዛ ልጁ።»

ልጁ ተይዛለች። እጅጌዋ በደም ተነክሮ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ነው ያገኟት። ነገሩ ለዐቃቤ ሕጉ ተፈትሎ ያለቀ ነበር። ዳይሬክተሩ በሟቹ ስም የተመዘገበውን ቆጠራ ከኮምፒውተሩ አውጥቶ አሳየ፤ እያንዳንዱ ክብ መቼ እንደተሠራ ከነደቂቃው ተጽፏል። የመጨረሻው ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ከስምንት ተኩል ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበር። የኮሪደሩ ጥበቃ ደግሞ ከስምንት ተኩል ወዲህ ወደዚህ ክፍል የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው ይላል። ልጅቷ።

«ከስምንት ተኩል በፊትስ?» አለችው መርማሪዋ ጥበቃውን።

«ከዚያ በፊትማ ለስብሰባው ወንበር ሳመላልስ ነበር። ጥበቃም እኔ፣ ጭነትም እኔ!»

ልጅቷን በጸሐፊዋ ክፍል በካቴና አስቀምጠዋታል። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጥፊ ከየት እንደሚመጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት አላት። መርማሪዋ እንዲህ ያለ ፊት ስታይ ሆዷ ይባባል፤ መባባቱም ያናድዳታል።

«አባትሽን አንቺ ነሽ የመታሽው?»

«አይደለሁም።»

«ለምን ገባሽ?»

«ቁልፍ ላስረክብ። ሦስተኛውን ፈተና ወደቅኩ። ኮንትራቴ ዛሬ አለቀ።»

«ስንት ሰዓት ገብተሽ ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ዘጠኝ ከአርባ አምስት ገባሁ። ዘጠኝ ከሃምሳ ስምንት ወጣሁ።»

«ድንጋዩን ነክተሻል?»

«መንገዴ ላይ ወድቆ ነበር። አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ደሙን ያየሁት ከዚያ በኋላ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሳኖር እጅጌዬ ሲርስ ነው።»

«አሥራ ሦስት ደቂቃ ሬሳ አጠገብ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ቁጭ ብዬ ነበር፤» አለችና እንደገና አቀረቀረች።

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ራሱን ነቀነቀ። «አለቃ፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከነገ ወዲያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ ብሏል። ዕድሜ ልክ ይፈረድባታል። እንዲህ የሚጽፍ አባት እኔንም ቢወልደኝ ድንጋይ አነሳ ነበር።»

«እንግዲያው ነገ የእኛ ነው፤» አለች መርማሪዋ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የጠራችው ምክትል ቆጣሪውን ነው። ረጋ ያለ፣ መነጽሩን በመሐረቡ ደጋግሞ የሚወለውል፣ ስለ ሟቹ «እሳቸው» እያለ የሚናገር ብቸኛው ሰው እሱ ነበር። ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ውጭ አገር ከርሞ የተመለሰው ሟቹ በሞተበት ዕለት ጠዋት ነው። ስብሰባው የተጠራውም የእሱን ሹመት ለማብሰር ነበር፤ የንስሩን ወንበር ሊረከብ።

«ደስ ብሎት ነበር? ንስሩ ማለቴ ነው።»

«እሳቸው በሰው ደስታ ደስ አይላቸውም። ቢሆንም መምህሬ ናቸው። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ።» መነጽሩን ወለወለ። «አሥር ሰዓት ላይ አዳራሽ መጥተው ሁለት ቃል ሊናገሩ ቀጠሮ ነበረን። ሲቀሩብን ጊዜ ከዳይሬክተሩ ጋር ልንጠራቸው ሄድን።»

«ከስብሰባው በፊት አግኝተዋቸው ነበር?»

«የት ጊዜ ነበረኝና! ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁም። ሥራ ክፍሌን ገና አልረገጥኩም።»

«ሲሞቱ ምን እየቆጠሩ ነበር?»

«ስክሪኑን በጨረፍታ ነው ያየሁት፤ በዚያ ድንጋጤ… መሃሉ ላይ ያ ትልቅ ጉብታ ያለበት ምስል መሰለኝ። አዲስ ነው፤ ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም።»

መርማሪዋ ጻፈችው። የምትጽፈውን ሁሉ የምታምን አይደለችም፤ የምትጽፈው ሰው ሲናገር ነገሩ የላላበትን ቦታ ነው።

ቀጥሎ መንኮራኩሯን የምትመራው ኢንጂነር መጣች። ገና ሳትቀመጥ ተናገረች። «አላለቅስም። እንድታውቁት ነው። ሥራ የጀመርኩት በቆጣሪነት እሱ ሥር ነው፤ አራት ዓመት አስለቀሰኝ። ለእሱ የሚሆን እንባ በዚያን ጊዜ ጨርሻለሁ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ስብሰባው ላይ። ኋላ ቁጭ ብዬ በላፕቶፔ ሥራዬን ስሠራ። ግማሹ ሰው እንደዚያ ነው፤ የዳይሬክተሩን ንግግር ማን ይሰማል?»

«በሟቹ ስም ኮምፒውተር ውስጥ መግባት የሚችል አለ?»

ኢንጂነሯ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጥፎታል። ማን ይደፍረኛል ብሎ! ከመሥሪያ ቤቱ የማያውቀው የለም። ከአዳራሹም ሆነ ከሌላ ክፍል ሆኖ መግባት ይቻላል።»

መርማሪዋ የሟቹን ስክሪን ምስል በትልቅ ወረቀት አሳትማው ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዘጠና ስምንት ክቦች አሉበት። «እንግዲህ ይቁጠሩልኝ፤ ይህ የቆጠራ ነገር አይገባኝም።»

ኢንጂነሯ ጎንበስ ብላ አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። «ምን ነካው? የመጀመሪያዎቹ አርባ አንዱ ልክ ናቸው፤ ሁሉም ጉድጓድ ላይ ናቸው። የቀሩት ሃምሳ ሰባቱ ግን… ጉብታ ላይ ናቸው። ሃምሳ ሰባት ጉብታ ጉድጓድ ብሎ ቆጥሯል። ንስሩ!»

«ዓይኑ ደክሞት ይሆን?»

«ዓይኑ ተነቅሎ ቢወድቅ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም። ደግሞ አሠራሩ የባለሙያ ነው። ጉድጓዱን ለማክበብ የምንነካው ጠርዙ ላይ ሦስት ቦታ ነው፤ እዚህም ሦስት ሦስት ነው። ተሰልፈው የተደረደሩትን አንቆጥርም፤ እነሱ ከአንድ ትልቅ ግጭት የተፈናጠሩ ናቸውና ዕድሜ አይናገሩም። እዚህም የተሰለፉት ተዘለዋል። የማያውቅ ሰው ይህን አይዘልም።»

«መጀመሪያ የተቆጠሩት አርባ አንዱ መቼ አለቁ?»

ሳጅኑ ከዝርዝሩ አነበበ። «ስምንት ከአሥራ ሦስት ላይ። ከዚያ እስከ ስምንት ከአርባ ጸጥ ይላል፤ ሃያ ሰባት ደቂቃ። ከዚያ ሃምሳ ሰባቱ ተጀመሩ።»

«ሃያ ሰባት ደቂቃ ዝም?» አለች ኢንጂነሯ። «እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ሰዓት ይይዛል።»

እሷ ከወጣች በኋላ መርማሪዋና ሳጅኑ ጠረጴዛውን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሳጅኑ ጣቱን ምስሉ መሃል ላይ አሳረፈ። «እኔ የገረመኝ ይሄ ትልቁ ጉብታ ነው። ተራራ ያህላል።»

«የትኛው ጉብታ?»

«ይሄ ነዋ!»

«እሱማ ጉድጓድ ነው።»

«አለቃ፣ እኔ ዓይኔ ገና አልታወረም። ጉብታ ነው። ውጭ ወጥቶ ሊነክሰኝ ምንም አልቀረው።»

መርማሪዋ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች፤ ከሳጅኑ ጀርባ ቆማ ወረቀቱን በእሱ ዓይን አየች። ጉድጓዱ ተነፋ። የሰመጠው ሁሉ አበጠ፤ ያበጠው ሁሉ ሰመጠ። ሃምሳ ሰባቱ ክቦች እያንዳንዳቸው የሚያምር ክብ ጉድጓድ ላይ ቁጭ አሉ። ወደ ቦታዋ ተመልሳ አየች፤ ጉብታ ሆኑ። ሳጅኑም ተነስቶ እንደ እሷ አንድ ጊዜ ዞረና «ወይ ጉድ!» ብሎ አፉን ያዘ።

ኢንጂነሯን ከኮሪደር አስመልሰው ጠሯት።

«እሱ የታወቀ ነው፤» አለች። «ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚያምነው። ብርሃኑ ከታች ሲመጣ ጉድጓዱን ጉብታ፣ ጉብታውን ጉድጓድ ያደርገዋል። የሠለጠነ ቆጣሪ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ብርሃን ከላይ በስተግራ ብቻ ያየ ዓይን ሌላ ማየት አይችልም። ለዚህ ነው ብርሃኑ ከታች የሆነውን ፎቶ ሳንቆጥር በፊት የምናዞረው።»

«ይህኛው ብርሃኑ ከየት ነው?»

«ከታች። መንኮራኩሯ ማቀዝቀዣዋ ተጎድቶ፣ ሌላውን ጎኗን ለፀሐይ ልሰጥ ባለፈው ማክሰኞ ገለበጥኳት። ከመጣች ጀምሮ ተገልብጣ አታውቅም። ለቆጣሪዎቹ በአፌ ነገርኩ፤ የቆጠራ ክፍሉ ሰሌዳ ላይም ለጠፍኩ። ንስሩ ስክሪኑ ላይ አዙሮት ነው የቆጠረው፤ እናንተ ያሳተማችሁትም የዞረውን ነው።»

«ሌላ ሰው በራሱ ላፕቶፕ ቢከፍተው? ዞሮ ነው የሚመጣለት?»

«የለም። ማዞሩ የስክሪኑ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ሲከፈት እንደመጣ ነው፤ ተገልብጦ። ክቦቹን ሁሉ ሰብስቦ የሚያሳየውም የንስሩ ስክሪን ብቻ ነው።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ገባት፤ ፊቷ ተለወጠ። መርማሪዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ደወለ። መርማሪዋ ሳታቋርጠው ሰማችው። ምቱ አንድ ነው፤ የራስ ቅሉን ሰነጠቀው እንጂ አልደረመሰውም፤ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ቀስ እያለ ነው የሞላው። ሰውየው ከተመታ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ በሕይወት ነበር። መንቀሳቀስና መጣራት አይችልም፤ መተንፈስ ግን ይተነፍሳል።

«ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ሰው ቢደርስለት?»

«ሆስፒታሉ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ቶሎ ቢመጣ ይድን ነበር፤» አለ ሐኪሙ። «ዓይኑ ላይመለስ ይችላል። ሰውየው ግን ይድን ነበር።»

ስልኩን ዘጋች። ሳጅኑ ምን እንደተባለ ጠይቆ ሲሰማ፣ ለአንድ ቀን ያህል ቀልዱ ጠፋበት።

ጣቢያ ሄዳ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«ስሚኝ ልጄ። ማን እንደመታው አውቄአለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከካቴና ትፈቺያለሽ። ግን ላስፈታሽ የምችለው አባትሽ በስምንት ሰዓት እንደተመታ ሳስረዳ ነው። በስምንት ተመትቶ ወደ አሥር ግድም ነው የሞተው። ይህን ስናገር ሰው መቁጠር ይጀምራል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ከእኔ ጋር ብቻ የምትነጋገሪው ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው።»

«የለም፤» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ ለዚህች ልጅ መዋሸት አምሯት ነበር። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያማራት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውንም አልዋሸችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ንስሩ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዳይሬክተሩ፣ ኢንጂነሯና ምክትሉ በአንድ ረድፍ፤ ልጅቷ ከነካቴናዋ ከሳጅኑ ጎን። ደሙ ታጥቧል፤ ወንበሩ ግን እዚያው ነው፤ ማንም አልቀረበውም።

«ከድንጋዩ እንጀምር፤» አለች መርማሪዋ። «ይህ ድንጋይ አሥራ ሁለት ዓመት በር ሲያስደግፍ ኖሯል። ያልነካው የለም። ትናንት ሲመረመር ግን የልጅቷ አሻራ ብቻ ነው የተገኘበት። የሌሎቻችሁ የት ሄደ? ልጅቷ ከመንካቷ በፊት አንድ ሰው ወልውሎታል። ራሷ ወልውላ ራሷ መልሳ አትነካውም።»

«አባቷ ግን እስከ ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ሲቆጥር ነበር፤» አለ ዳይሬክተሩ። «ተመዝግቧል!»

«ስሙ ተመዝግቧል። እጁ አልተመዘገበም።» ምስሉን ግድግዳው ላይ ሰቀለች። «አርባ አንዱ ክቦች የንስሩ ናቸው። ስምንት ከአሥራ ሦስት ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ሃያ ሰባት ደቂቃ ማንም አይቆጥርም። ለምን ቢባል፣ ያን ጊዜ ንስሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ የመታው ሰው ደግሞ ድንጋዩን ወልውሎ፣ ጥበቃው ወንበር ሲሸከም ሾልኮ ወጥቶ፣ አዳራሽ ገብቶ፣ ላፕቶፑን እየከፈተ ነው። ከስምንት ከአርባ ጀምሮ ሟቹን ሆኖ ቆጠረለት። አርባ ሰው መሃል ተቀምጦ! ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?»

«ማናችንም ልንሆን እንችላለን፤» አለ ምክትሉ በረጋ ድምፅ። «ሁላችንም ላፕቶፕ ይዘን ነበር።»

«እሱስ ነው። ስለዚህ ቆጠራውን እንጠይቀው። ሃምሳ ሰባቱም ክብ ያረፈው ጉብታ ላይ ነው። የቆጠረው ሰው ብርሃኑ እንደተገለበጠ አላወቀም። ሆኖም ጠርዙን ሦስት ቦታ ነክቷል፤ የተሰለፉትን ዘሏል። ሙያውን አሳምሮ ያውቃል።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «እርስዎ ስለ መገልበጡ አያውቁ ይሆናል፤ ግን ቆጠራ አይችሉም።»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ በሕይወቱ አላዋቂነቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ኢንጂነሯ ቆጠራ ይችላሉ፤ ግን የገለበጧት ራሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ቆጣሪዎች ማክሰኞ ዕለት ተነግሯቸዋል። ቆጠራ የሚችል፣ መገልበጡንም የማያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። ስድስት ሳምንት ያልነበረና የማስታወቂያ ሰሌዳውን ሳያነብ ስብሰባ የገባ።»

ምክትሉ መነጽሩን አወለቀ፤ መሐረቡን ግን አላወጣም።

«ግምት ነው፤» አለ።

«ዛሬ ጠዋት መሃሉ ላይ ትልቅ ጉብታ ያለበት ምስል ብለውኛል። በሟቹ ስክሪን ላይ ጨርፈው እንዳዩትም ነግረውኛል። እስኪ ይመልከቱት። በዚህ ስክሪን ላይ ጉድጓድ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ጉድጓድ ነው። ጉብታ ሆኖ የሚታየው ሳይዞር ለተከፈተለት ሰው ብቻ ነው። ላፕቶፕዎ ከጠዋት ጀምሮ እኛ ዘንድ ነው፤ በማን ስም እንደገባ ባለሙያው አውጥቶታል። የሟቹ መሳቢያ ውስጥ ያለውንም አይተናል። ዘጠኝ ዓመት የሠሩትን ካርታ ንስሩ እንደገና ቆጥሮታል። ግማሹን አልቆጠሩትም፤ ከአእምሮዎ ፈጥረው ነው የሞሉት።»

ምክትሉ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ፤ ሲናገር «እሳቸው» ማለቱን ትቶ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ላይ አስጠራኝ። ካርታዬን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እየቆጠረ ነው የሚያናግረኝ። አሥር ሰዓት ላይ አዳራሽ መጥቶ በሰው ፊት ሊያነበው ነው። ሚስቴም እንድትገኝ ደውሎ ጠርቷታል። 'እሷም ትስማው፤ ከማን ጋር እንደምትተኛ ትወቅ' አለኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ሃያ ዓመት የተዋረድኩበት ሁሉ እጄ ላይ መጣ።»

ሳጅኑ የልጅቷን ካቴና ፈታና ምክትሉ እጅ ላይ አጠለቀው። ሁለት ጊዜ ጠቅ አለ። ዳይሬክተሩ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ኢንጂነሯ ልጅቷን አቀፈቻት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሁሉም ደስ ባለው ነበር፤ መርማሪዋም አንድ ልቧ ቶሎ ይዘነው እንውጣ ይላታል።

ምክትሉ ግን ቆጣሪ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ቆይ። በስምንት ሰዓት ነው የመታሁት። ሐኪሙ መቼ ሞተ አለ?»

ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«መርማሪዋ፣ መቼ ሞተ አለ?»

«ወደ አሥር ሰዓት ግድም፤» አለች።

ምክትሉ ልጅቷን አየ፤ ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ ነበር፤ ከንስሩ የተማረው። «እንግዲያው ስትገቢ ይተነፍስ ነበር። አሥራ ሦስት ደቂቃ! ጥበቃው በር ላይ ነበር፤ ስልክ ኪስሽ ውስጥ ነበር። እኔ ጀመርኩት እንጂ የጨረሽው አንቺ ነሽ። ከእኛ ሁሉ ጎበዝ አንቺ ሆነሽ ቀረሽ!»

የኢንጂነሯ ክንድ ከልጅቷ ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አውጣው፤» አለች መርማሪዋ። ሳጅኑ በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ አስረከበው። የምክትሉ ሳቅ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ።

ልጅቷ ማንንም አላየችም። ማንም ሳይፈቅድላት ሄዳ ራሷ ትቀመጥበት የነበረው፣ ከአባቷ ወንበር ሁለት ክንድ የሚርቀው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ሐኪሙ ይድን ነበር አለ?» ብላ ጠየቀች።

መርማሪዋ አየቻት። ዳይሬክተሩም፣ ኢንጂነሯም፣ ሳጅኑም መርማሪዋን አዩ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉባት።

«ይድን ነበር፤» አለች።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ዓይኑ ክፍት ነበር። ያየኛል። መጀመሪያ ልጮህ ነበር፤ ስልኬንም አወጣሁ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ታየኝ። እንዲህ ቁጭ አልኩ። ሌላ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ፤ ስለዚህ ትንፋሹን ቆጠርኩ።»

ሳጅኑ ማስታወሻውን ከፍቶ፣ እስክሪብቶውን በአየር ላይ ይዞ ቀረ። «ልጻፈው ወይ፣ አለቃ?» አለ፤ ድምፁ አትጻፍ በይኝ የሚል ልመና ነበረበት።

ይህችን ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ከዕድሜ ልክ እስራት ስታስጥል የቆየችው መርማሪዋ ራሷ ናት።

«ጻፈው፤» አለችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «ስንት ነበር?»

«ሁለት መቶ ስድስት፤» አለች ልጅቷ። «አንድም አልሳትኩም።»